በታኟ ሃፊያና የድንጉላው ጭራ

የመንደራችን የሳሜኒቭ ሰው ቅጽል ስም ሲያወጣ አይሰስትም። አንድ ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል፤ ስሙ ግን እስከ መቃብሩ ይከተለውና ከመቃብሩም ተመልሶ ልጆቹ ላይ ያርፋል። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ተመልከቱ። ቅድመ አያታቸው በሰርጉ ቀን ከፈረስ ላይ ወድቆ ነበርና እስከ ዛሬ «ወዳቂዎች» ይባላሉ። ከእነሱ አንዱ አሁን የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የእኛ መንደር ሰው እሱ መኪና ላይ ሳያማትብ አይሳፈርም።

ሃፊያ «በታኟ» የተባለችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አሁን ስልሳ አንድ ሞልቷታል። በቼሬሞሽ ወንዝ ዳር ካሉት ሴቶች ዶቃ በመሰካት የሚስተካከላት የለም፤ ጌርዳን የምንለውን ሰፊውን የአንገት ጌጥ ከእሷ እጅ ለማግኘት ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ። እንግዳው መንደር ገብቶ «ጌርዳን የምትሠራዋ ሴት ቤት የት ነው?» ካለ ግን መልሱ አንድ ነው። «በታኟን ነው? ከድልድዩ በላይ፣ ሰማያዊው በር።» እንግዳው ግራ ይጋባል። ሃፊያም በሩን ስትከፍት ከፊቱ ላይ ታነብበውና ቀኗ ይበላሻል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኛ ዘንድ ልጃገረድ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት የመጀመሪያ ጌጧን በገዛ እጇ ሰክታ ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ታደርገዋለች። የሃፊያ እናት ከአያቷ የወረደ ዶቃ አውጥታ ሰጠቻት። አረንጓዴ ነው፣ ግን የቅጠል አረንጓዴ አይደለም፤ በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ቼሬሞሽ የሚይዘው ቀለም ነው። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ያለ ዶቃ በየትኛውም ገበያ ታይቶ አያውቅም።

«ክሩን ደግሞ ራስሽ ታመጫለሽ» አለቻት እናቷ። «የታናሲ አባት ጋ ሂጂና ከነጩ ድንጉላ ጅራት ጭራ ንቀይ። ከድንጉላው ነው ያልኩሽ! ከባዝራዋ እንዳታመጪ።»

ምክንያቱን እዚህ አገር ጡት ያልጣለ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ባዝራ ስትሸና ጅራቷን ይነካዋል፤ ሽንቱ ጭራውን ያቃጥለዋል፤ ሲያዩት ደህና ነው፣ ሲስቡት ይበጠሳል። የድንጉላ ጭራ ግን ንጹሕ ነው፤ የሰው ዕድሜ ይቆያል። ሃፊያም ታውቃለች። ችግሩ ድንጉላው ይራገጣል። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ዓይኑን አጉረጥርጦ ሲያያት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ባዝራዋ ደግሞ ከአጠገቡ ቆማ እንደ ሽማግሌ ታንቀላፋለች። እሷም ነጭ ናት። ሃፊያ «ነጭ ያው ነጭ ነው» አለችና ከባዝራዋ ነቅላ ሮጠች።

ፋሲካ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል፤ የየቤቱ ዳቦ፣ ዕንቁላልና አይብ በቅርጫት ተደርድሯል፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ቄሱ ጸበል እስኪረጩ ይጠብቃል። ጠብታው ማጅራቷን ሲነካት ሃፊያ ደንገጥ ብላ አንገቷን ሰበር አደረገች። ይኸው ነው ያደረገችው። ዶቃው ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ በረዶ እንጨቱ ወለል ላይ ወረደ። አንዲት አሮጊት ረግጠውት ተንሸራተቱና ዲያቆኑን ይዘው ወደቁ። ያን ጊዜ የባለ ፈረሱ ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ታናሲ፣ ከወንዶቹ በኩል ጮኸ።

«ከባዝራዋ ነው የነቀለችው! በአጥር አይቻታለሁ! በታኝ!»

ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ሰዉ ተንበርክኮ ለቀመላት፤ መልቀሙን ለቀሙላት፣ ግን አንድ እፍኝ ያህል ጎደለ። የወለሉ ስንጥቅ ዋጠው ተባለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሃፊያ ከታናሲ ጋር ደህና ዋልክ ደህና ዋልሽ ተባብላ አታውቅም። ጭራ ሲያስፈልጋት ከኮሲቭ ገበያ ከማያውቃት ነጋዴ ትገዛለች እንጂ የዚያን ቤት አጥር አትጠጋም። ስትዳርም የእናቷን ጌጥ አጥልቃ ነው የተዳረችው፤ የራሷን ለማድረግ አልደፈረችም። እስቲ አስቡት፤ የአገሩን ሴት አንገት ሁሉ ያስጌጠች ሴት የገዛ አንገቷ ባዶ ነው። ለምን ሲሏት «ሲሠሩ ያውካል» ትላለች። ውሸቷን ነው። ፈርታ ነው።

ያ ፍርሃት ግን ጥሩ አስተማሪ አደረጋት። ሐሙስ ሐሙስ በቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ ጀማሪዎችን ታስተምራለች፤ በመጀመሪያው ቀን ዶቃ አታስነካም። ጠረጴዛው ላይ ክር ብቻ ትደረድራለች። ተማሪዎቿ ክሩን እየወጠሩ፣ ጆሯቸው ሥር በጣታቸው እየመቱ ድምፁን ይሰማሉ። «ዶቃ ፊት ነው፤ ፊት ሁሉም ያያል» ትላቸዋለች። «ክር አጥንት ነው። አጥንት የሌለው ቆንጆ አይታችኋል?»

አንድ ልጇ ኦሬስት አናጢ ነው። ባለፈው ዓመት ከኮሎሚያ ከተማ አንዲት ልጅ አመጣና «ይቺን ላገባ ነው» አለ። ሶሎሚያ ትባላለች፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ስትስቅ ቤቱ ይሞላል። ሃፊያ በመጀመሪያው ሻይ ላይ ወደደቻት። በሁለተኛው ሻይ ላይ ግን ልጅቷ እንዲህ አለች።

«እማማ፣ የሙሽራ ጌርዳኔን ራሴ ልሠራው ነው። ልማዱ እንደዚያ አይደል? ኦሬስት ነግሮኛል።»

የሃፊያ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። ልማዱስ ነው። ሙሽራ ጌጧን ራሷ ትሰካለች፤ አንገቷን የሚነካው የላይኛው ረድፍ ደግሞ በምታገባበት መንደር ነጭ ድንጉላ ጭራ መሰካት አለበት፤ አንገቷ አገሩን እንዲለምድ ነው ይባላል። ቢበጠስስ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሶሎሚያ የምትገባው በበታኟ ቤት ነው፤ ሰርጓ ላይ አንዲት ዶቃ ብትወድቅ ስሙ ይጸድቅባታል፤ ገና ያልተወለዱት የልጅ ልጆች ሳይቀሩ «በታኞች» ሆነው ይወለዳሉ። ሃፊያ የራሷን ችላው ኖራለች። ይቺ ሳቂታ ልጅ እንድትሸከመው ግን አትፈልግም።

«ጊዜው አጭር ነው እኮ ልጄ። እኔ ልሥራልሽ፣ አንቺ ሠራሁት በይ።»

«ኧረ እማማ! ውሸታም ሙሽራ ልታደርጊኝ ነው?»

በሚቀጥለው ሳምንት ሶሎሚያ የመጀመሪያ ሙከራዋን ይዛ መጣች። በልብስ ስፌት ክር ነው የሰካችው። ሃፊያ አንዴ በጣቷ አሸት አደረገችውና መስኮቱ ጋ ወስዳ አሳየቻት፤ ክሩ ጸጉር አብቅሏል።

«አየሽው? ዶቃው መስታወት ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ እንደ መጋዝ ይበላዋል። ጥጥ ለአዝራር ነው።»

በሁለተኛው ጊዜ ከኦሬስት የዓሣ ማጥመጃ ክር ይዛ መጣች። ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም፤ ግን ተጠቅልሎ የኖረ ስለሆነ መዞሩን አልረሳም። ጌጡ አንገቷ ላይ አልተኛ ብሎ እንደ አጥር ቆመ፤ ቋጠሮውም እያንሸራተተ ይፈታል። ኦሬስት አይቶ «የበሬ ቀንበር ይመስላል» ቢል ሁለት ቀን አኮረፈችው።

በሦስተኛው ጊዜ በድል አድራጊነት ገባች። ሃፊያ ክሩን ወጠረችው፤ ጆሮዋ ሥር መታችው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሰም ተቀብቷል፤ በቀዳዳው ሁለት ጊዜ ያልፋል። አሸተተችው።

«ይሄ ክር ምንድን ነው? ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል።»

«ጥርስ መሃል የሚሳበው ክር ነው፤ ከሥራ ቦታዬ» አለች ሶሎሚያ አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች።

ሃፊያ ለመቆጣት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እውነቱን ልንገርሽ? ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ክር አላየሁም። የታችኞቹን ረድፎች በዚህ ሥሪ። የላይኛውን ግን...» አለችና ክሩን መልሳ ሰጠቻት። የላይኛው ረድፍ ወዴት እንደሚወስዳት ታውቃለች። በመንደሩ የቀረው ነጭ ድንጉላ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የታናሲ ነው።

ሁለቱም ተያይዘው ሄዱ። ታናሲ አጥር ያጠብቃል። ሚስቱን ከቀበረ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ጢሙ ነጥቷል፤ ምላሱ ግን ያው ነው።

«እንዴ፣ በታኟ! ምን ልትበትኚ መጣሽ?»

«ጭራ ልለምን ነው የመጣሁት» አለች ሃፊያ ጥርሷን ነክሳ። «ለልጄ ሙሽራ።»

«ባዝራዋ ያቻትና።»

ሃፊያ ዞራ ልትሄድ ነበር። ሶሎሚያ ክንዷን ያዘቻት። «ከድንጉላው ነው» አለች ሃፊያ።

ታናሲ መዶሻውን አስቀመጠ። ትንሽ አሰበና «እሺ» አለ። «ግን ጭራ የሚነቅለው የፈለገው ነው። እኔ የፈረሱን ራስ እይዛለሁ።»

«ፈረሱ ያንተ አይደል እንዴ?»

«ያው ራሱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።»

ሆን ብሎ ሊያዋርደኝ ነው፣ አለች ሃፊያ በሆዷ። ሶሎሚያ «እኔ ልንቀል» ብትል አልሰማቻትም። ሃምሳ ዓመት የሸሸችው ጅራት ይኸውላት። ፈረሱን ከትከሻው ጀምራ እጇን ከገላው ሳታነሳ፣ ዝግ ባለ ድምፅ እያዋራችው ወደ ኋላ ሄደች። «እኔም አሮጊት ነኝ፣ አንተም ልጅ አይደለህም። እንከባበር።» ድንጉላው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ። ሦስት ጭራ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ነቀለች። ፈረሱ ጅራቱን ከፍ አደረገና አንድ ረጅም ፈስ ለቀቀ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ሶሎሚያ በሳቅ አጥር ላይ ተንጠለጠለች። ሃፊያም አንድ ጭብጥ እስኪሞላት ነቀለች፤ ልቧ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ልብ ሆኖ ይዘላል።

ታናሲን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ልጓሙን በክንዱ ርዝመት አርቆ ይዞ ፊቱ እንደ አይብ ነጥቷል። ተናዶ ነው ብላ አለፈችው። ሊሄዱ ሲሉ ግን ከኋላ ጠራት።

«ለመሆኑ ጀማሪ ሰው ስንት ጭራ ነው በአንድ የሚገምደው?»

«ላንተ ምን ሊያደርግልህ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ሦስት። ሰም ቀብቶ» አለችና ሄደች።

ጭራው ለጀማሪ እጅ የተፈጠረ ነው። ድርቅ ስለሚል መርፌ አይፈልግም፤ ራሱ መርፌ ነው። ሃፊያ እያንዳንዱን ወጥራ ድምፁን ሰማች፤ ድምፁ የታፈነውን ጣለች። ሶሎሚያ ሦስት ሦስቱን ገመደች።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለቻት ሃፊያ። «አንበሳ ባናገኝ የኮሎሚያ ልጅ እናስራለን።»

ልጅቷ ቸኮል ባለች ቁጥር ዶቃው ከሳህኑ ይፈስሳል፤ ሃፊያም ሳትሰለች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላታለች። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጌርዳኑ አለቀ፤ ቀይና ጥቁር፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ኮከቦች ያሉት። አንዱ ኮከብ ጠማማ ነው። ሃፊያ አልነካችውም።

የሰርጉ ዕለት ከሰዓት ግቢው ውስጥ ሳንቃ ተነጥፎ፣ ሁለት ቫዮሊንና አንድ ከበሮ አገሩን ያናውጡታል። ባኖሽ የምንለው የበቆሎ ገንፎ በክሬም ተንተክትኮ፣ አይብ ተነስንሶበት ቀርቧል፤ ሃፊያ አንድ ማንኪያ አልቀመሰችም። ዓይኗ ከሶሎሚያ አንገት አልተነሳም። ሙሽራዋ ከአጎት ወደ አጎት ትሽከረከራለች፤ ኮከቦቹ ይዘላሉ። ጭፈራው እየፈጠነ ሄደ። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ቁጢጥ ብድግ ማለት ጀመሩ፤ ታናሲም በስልሳ ሁለት ዓመቱ መሃላቸው ገብቶ ወለሉን ይደበድባል።

ያን ጊዜ ሃፊያ ሰማችው። ሃምሳ ዓመት በሕልሟ ስትሰማው የኖረችውን ድምፅ። ዶቃ፣ ሳንቃ ላይ።

ቫዮሊኑ ቆመ። አንዱ ከኋላ «በታኝ!» ብሎ ጮኸ። ሃፊያ ዓይኗን ጨፈነች፤ አለቀ፣ ስሜን አወረስኳት፣ አለች በሆዷ። ስትገልጥ ሶሎሚያ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ከእጇ ሥር ጌርዳኑ፣ ከነጠማማው ኮከብ፣ አንድም ሳይጎድል ተኝቷል። ሴቱ ሁሉ የየራሱን አንገት ይዳብሳል። ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ታናሲ ዞረ። ቁጢጥ እንዳለ ቀርቷል። በባርኔጣው ዙሪያ የነበረው የዶቃ ጌጥ ተበጥሶ ባዶ ጭራ ብቻ ጆሮው ላይ ይንጠለጠላል፤ ዶቃው አሁንም እየተንከባለለ ነው።

ሳቁ ሲፈነዳ የወንዙ ማዶ ሰው ሰምቷል ይባላል። «በታኙ ታናሲ!»

ሃፊያ አልሳቀችም። አንዷ ዶቃ እግሯ ሥር መጥታ ቆማ ነበር። አነሳቻት። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ቼሬሞሽ የሚይዘው ቀለም ነው።

ሳንቃው ላይ ከፊቱ ተንበረከከች። «ይሄን ከየት አመጣኸው?»

ታናሲ እየለቀመ መለሰ፤ ቀና አላለም። «ስንጥቁ አልዋጠውም። እኔ ነኝ የለቀምኩት። ያን ዕለት ላመጣልሽ ነበር፤ ሰዉ ሲስቅብሽ አፈርኩ። በማግስቱ ደግሞ አንቺ አላናግር አልሽኝ። ከዚያ እንዲሁ ትምባሆ ቆርቆሮ ውስጥ ቀረ።»

«ሃምሳ ዓመት?»

«ዛሬ አድርጌው መጥቼ፣ አይተሽው ስትጠይቂኝ ልነግርሽ ነበር። ራሴ ነኝ የሰካሁት።»

«ያስታውቃል» አለች ሃፊያ። የተንጠለጠለውን ጭራ ያዘችና ሳብ አደረገችው፤ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። ቁራጩን ትክ ብላ አየችው። «ታናሲ። ይሄ የማን ጭራ ነው?»

ታናሲ ጫማውን አየ።

«ታናሲ!»

«የባዝራዋ» አለ በሹክሹክታ።

«አንተ! አንተ ራስህ!»

«ድንጉላው ይራገጣላ!» አለ ታናሲ። «ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራዋለሁ፤ ይሄንንም፣ አባቱንም፣ አያቱንም። ራሱን ብቻ ነው የምይዘው። አንቺ ያን ቀን ስትነቅዪ እኔ ነኝ ልወድቅ የነበረው።»

ሃፊያ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በሆዷ፣ በመጨረሻ ሳንቃው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ። ሃምሳ ዓመት ያልሳቀችውን ሳቅ ነው፤ ደስ አላት፣ ዝም ብሎ ደስ አላት። ሶሎሚያም የሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ መልቀም ጀመረች፤ ኦሬስትም፤ ሰዉም። በዚህኛው ጊዜ የተገኘው ሁሉ ሃፊያ መዳፍ ውስጥ ገባ።

«ሐሙስ ና» አለችው ለታናሲ፣ እፍኟን ዘግታ። «ከጀማሪዎቹ ጋር ትቀመጣለህ። መጀመሪያ ክር ነው፤ ዶቃ አታስነካም ብለህ እንዳታማርር።»

«ጭራውስ?»

«አንተ ራሱን ትይዛለህ።»

ዘንድሮ ለፋሲካ ሃፊያ በድንጉላው ጭራ እንደገና የሰካችውን የወንዝ አረንጓዴ ጌጥ አጥልቃ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ቄሱ ጸበሉን ሲረጩ ጠብታው ማጅራቷን ነካትና እንደ ልጅነቷ ደንገጥ ብላ አንገቷን ሰበር አደረገች። ከወንዶቹ በኩል የቆመው ታናሲ ወዲያው ወለሉን አየ። ምንም አልወደቀም።